«ይበላሉ» ያልኩበት ቀን

ነገሩ የተነሳው ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ነው። የጎረቤታችን ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት የደረሰች፣ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አምጥታ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። ሳሙራይ ነው፣ የድሮ ጃፓን ጦረኛ። ጎራዴ፣ ፈረስ፣ ዝናብ፣ ደም። አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። «ጋሼ፣ እርስዎ የታሪክ አስተማሪ ነበሩ አይደል? የእነዚህ ሰዎች ጌቶች ግን ሥራቸው ምን ነበር? መዋጋት ብቻ ነው?» አለችኝ።

መልሱን አውቀዋለሁ። ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ። አፌ ግን አልታዘዝ አለኝ። «ቆይ፣ ጽፌ እሰጥሻለሁ» ብዬ ሁለተኛውን ሳልጠጣ ተነሳሁ። ባለቤቴ ስኳሬ የወረደ መስሏት ማር ይዛ ተከተለችኝ።

ስኳር አልነበረም። ያንን ጥያቄ ከዚህ በፊት አንድ ልጅ ጠይቆኝ ነበር። 1979 ዓ.ም. ነው። የሰጠሁት መልስ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ለልጅቷ የጀመርኩት ጽሑፍ ወደዚያ ወሰደኝና ለእናንተም ለእኩዮቿ ይሁን ብዬ ለቀቅኩት። ምክር ብላችሁ ብትወስዱት ግድ የለኝም። ጠንክራችሁ ተማሩ፣ ወላጅ አክብሩ የሚለውን ግን ከእኔ አትጠብቁ፤ እሱን እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል።

ያን ጊዜ ወሎ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ አስተምር ነበር። የከተማዋንም የትምህርት ቤቱንም ስም ልተወው። ክፍሉ 11ኛ ነው፤ ሰባ ምናምን ተማሪ፣ ሦስት ሦስት ሆነው በአንድ ዴስክ። ከመስኮቶቹ የአንዱ መስታወት ተሰብሮ በእርዳታ ስንዴ ጆንያ ተወትፎ ነበር። የ77ቱ ረሃብ ካለፈ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ነፋስ ሲመጣ ጆንያው ይነፋና ይሟሽሻል፣ እንደ ሳንባ። እኔ ሰሌዳው ላይ «ፊውዳሊዝም በጃፓን» ብዬ ጽፌያለሁ። ጠመኔው እርጥበት ነክቶት እየተፈረካከሰ እጄን ነጭ አድርጎታል።

ያን ቀን ከኋላ ወንበር ላይ ከአውራጃ የመጣ አንድ ሰው ተቀምጧል። ካኪ ለብሷል። ደብተር ይዟል። አልፎ አልፎ እንዲህ ይመጡ ነበር። ማንም ምንም አይላችሁም፤ ብቻ ይቀመጣሉ፣ ይጽፋሉ። ዛሬ ስታወሩት ቀላል ነው። ያን ጊዜ ያ እስክሪብቶ ሲንቀሳቀስ የሚሰማው ድምፅ ከእኔ ድምፅ ይበልጥ ነበር።

ከመሐል አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ቀጭን ነው፤ ሹራቡ ክርኑ ላይ ተጥፏል። ብዙ አይናገርም። «ቲቸር፣ ረሃብ ሲመጣ የጃፓን መሳፍንት ምን ያደርጉ ነበር?»

ወደ ኋላ አየሁ። እስክሪብቶው ቆሟል።

«ምን ያደርጋሉ? ይበላሉ!» አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሰውየውም ፈገግ አለ መሰለኝ። ልጁ አልሳቀም። አልተቀመጠምም። «ሁሉም?» አለኝ።

«ሁሉም።»

ተቀመጠ። ደብተሩን ከፍቶ አንድ ነገር ጻፈ። ደወል ተደወለ።

ከሳምንት በኋላ ነው አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሻይ ቤት ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የነገረኝ። የልጁ አያት በአገራቸው ጭቃ ሹም ነበሩ። በ66ቱ ረሃብ ጎተራቸውን ከፍተው ለመንደሩ ሰው በቁና ሲሰፍሩ የከረሙ ሰው ናቸው አሉ። ቀጥሎ ለውጡ መጣ። መሬታቸው ተወሰደ፣ «አድኃሪ» ተብለው ታሰሩ፣ እስር ቤት ውስጥ ታመው ሞቱ። ደግ ነበሩ? ክፉ ነበሩ? እኔ አላውቅም። ባልደረባዬም የሰማውን ነው የነገረኝ። ጎተራ የከፈተ ሰው በሌላ ቀን የሰው በሬ ነድቶ ሊሆን ይችላል። ልጁ ግን ስለ ጃፓን አልነበረም የጠየቀኝ። ስለ አያቱ በአደባባይ መጠየቅ ስለማይችል በጃፓን አሳብሮ ነው የጠየቀኝ።

ይባስ ብሎ መልሱን አውቀው ነበር። ባላውቀውማ ምን ይቆጨኛል? ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ በእጄ የገለበጥኩት ሰማያዊ ደብተር ነበረኝ። ከአልጋዬ ሥር፣ ሣጥን ውስጥ። ያንኑ ማታ አውጥቼ አነበብኩት። «1783» ከሚለው ሥር ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። በገዛ እጄ።

ስለዚህ መልሱን ዛሬ እሰጣለሁ። ለልጅቷም፣ ለእናንተም፣ በሕይወት ካለ ለእሱም። የጃፓኑን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛ እጽፋለሁ፤ እንዳይምታታባችሁ።

ጌቶቹ ዳይምዮ ይባላሉ። ቃል በቃል «ትልቅ ስም» ማለት ነው፤ የእኛ ሰው «ስመ ገናና» እንደሚለው። ከ1467 ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ እርስ በርስ ሲፋጁ ኖሩ። እኛ ዘመነ መሳፍንት የምንለው ዓይነት ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ኪዮቶ ተቀምጧል፣ ስሙ አለ፣ ጉልበት ግን የለውም። በ1600 ቶኩጋዋ ኢዬያሱ የሚባለው ሴኪጋሃራ ላይ አሸነፈ። በ1603 ሾገን ተባለ፤ በንጉሠ ነገሥቱ ስም አገሩን የሚገዛ የጦር አለቃ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት መቶ ስድሳ ምናምን ዓመት ሰላም ሆነ። እስቲ አስቡት። በዚያች ቪዲዮ ላይ ጎራዴ ሲመዝ ያያችሁት ሳሙራይ በዚህ ዘመን ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ዕድሜውን ወረቀት ሲጽፍና ሩዝ ሲቆጥር ነበር የሚያሳልፈው። ይሄ አይቀረጽም፤ ማን ያየዋል?

ዳይምዮ ለመባል ግዛትህ በዓመት ቢያንስ 10,000 ኮኩ ሩዝ የሚገመትበት መሆን አለበት። አንድ ኮኩ ወደ 150 ኪሎ ነው፣ ኩንታል ተኩል። አንድ ሰው ዓመቱን ይበላዋል ተብሎ የሚታሰብ መጠን ነው። ይሄ ነገር ሁሌም ይገርመኛል። የእኛ መኳንንት በጋሻ መሬት ይቆጠሩ ነበር፤ እነሱ የሚቆጠሩት ስንት አፍ ማብላት እንደሚችሉ በሚያሳይ ልክ ነው። ቁጥራቸው ወደ 260 ይደርሳል። እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ሕግ፣ የራሱ ግብር፣ ብዙዎቹም የራሳቸው የወረቀት ገንዘብ ነበራቸው። ድንበር ላይ ኬላ አለ። አገር ውስጥ አገር ማለት ነው።

ከእኛ ጉልተኛ የሚለዩበት አንድ ነገር አለ። ከኢዬያሱ በፊት አገሩን የገዛው ሂዴዮሺ በ1588 የገበሬውን ጎራዴና ጠመንጃ ሰበሰበ። መሬት አስለካ። ከጊዜ በኋላ ሳሙራዩ ከገጠር ተነቅሎ ጌታው ቤተ መንግሥት ሥር ከተማ ገባና ደመወዙን በሩዝ መቀበል ጀመረ። ገበሬው ጌታ የሚባለውን በዓይኑ ሳያይ ሊሞት ይችላል። ግብሩን የሚያስረክበው መንደሩ ነው፣ በመንደር አለቃው በኩል፣ በጅምላ። ጎረቤትህ ካልከፈለ አንተ ትከፍልለታለህ። ለገበሬው ይሄ ይሻል ነበር ወይስ ይከፋ? በክፍል ውስጥ ስከራከርበት ኖሬ እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም።

ሾገኑ እነዚህን 260 ኮርማዎች በአንድ በረት ያሰነበተው በምን ይመስላችኋል? በደጅ ጥናት! የእኛ አባቶች የሚያውቁት ነገር ነው፤ ሹመት የፈለገ ቤተ መንግሥት በር ላይ ዓመት ሙሉ ይቆማል። ጃፓኖቹ ግን ሕግ አደረጉት። ከ1635 ጀምሮ እያንዳንዱ ጌታ በዙር አንድ ዓመት በግዛቱ፣ አንድ ዓመት በኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ሚስቱና ወራሹ ግን ሁልጊዜ ኤዶ ናቸው። መያዣ ናቸው በሉት። መንገድ ላይ ያሉ ኬላዎች ሁለት ነገር ነው አጥብቀው የሚፈትሹት፦ ወደ ኤዶ የሚገባ ጠመንጃና ከኤዶ የምትወጣ ሴት። ጠመንጃ ከገባ አመፅ ነው። የጌታው ሚስት ከወጣችም አመፅ እየመጣ ነው።

ሰልፉ ደግሞ ጉድ ነበር። የካጋው ጌታ፣ የማኤዳ ቤተሰብ፣ ከሾገኑ ቀጥሎ ሀብታሙ ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን ኮኩ በላይ። ከካናዛዋ እስከ ኤዶ ወደ 480 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ከ2,000 በላይ ሰው ይከተለዋል፤ በጥጋቡ ጊዜ 4,000 ደርሷል ይባላል። ይሄ ሁሉ ሰው ሁለት ሳምንት ገደማ ይበላል፣ ያድራል። ሁለት ቤት ማስተዳደርና መመላለስ የጌቶቹን ካዝና ባዶ አደረገው። ከኦሳካ ነጋዴ ተበደሩ። የብድሩ መያዣ ደግሞ ገና ያልታጨደ ሩዝ ነው። ይህችን ያዙልኝ፤ ወደ ረሃቡ ስንመጣ ታስፈልገናለች።

በነገራችን ላይ የሰልፉን ሥዕል ልጅቷ በዚያው ስልኳ ፈልጋ አሳይታኛለች። ጥቅልል ወረቀት ላይ የተሳለ ነው፤ ማለቂያ የለውም። ጦር ያዡ፣ ሣጥን ተሸካሚው፣ ጃንጥላ ያዡ፣ አንድ በአንድ። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ በቃል ስነግረው የኖርኩትን በጣቷ እየገፋች አየነው። ቪዲዮና ስልክ ሰውን አደንቁሯል የምለው እኔው ነኝ። እና ምን ይደረግ፣ ያን ዕለት አፈርኩ። አደንቁሯል ማለቴን ግን አልተውም።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ።

1783 ነው። በበጋቸው ፀሐይ ጠፋ፣ ብርዱ አልለቅ አለ፣ አሳማ የሚባለው እሳተ ገሞራም በዚያው ዓመት ፈነዳ። በሰሜን ጃፓን ሩዙ ፍሬ ሳይቋጥር ቀረ። የቴንሜይ ረሃብ ይሉታል። በአንድ ዓመት፣ በአንድ ሰማይ ሥር፣ ሦስት ጌቶች ምን እንዳደረጉ እዩልኝ።

ትሱጋሩ ከዋናው ደሴት ሰሜን ጫፍ ላይ ያለ ግዛት ነው። ያለፈው ዓመት ምርትም ደካማ ነበር። ነገር ግን ዕዳ አለ። ስለዚህ ጎተራ ውስጥ ያለውን ሩዝ ወደ ኦሳካና ኤዶ በመርከብ ላኩት። የአኦሞሪ ወደብ ሕዝብ ነገሩ ገብቶት ሩዛችን አይወጣም ብሎ ተነሳ፤ ግን ብዙው ሄዶ ነበር። ክረምቱ ሲገባ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ሳር በሉ፣ ፈረስ በሉ። ከዚያ የከፋም ይጻፋል፤ እኔ አልጽፈውም። ጎረቤት ግዛቶች ደግሞ እህላችን አይወጣም ብለው ኬላቸውን ዘጉ። ከሌላ አገር ስንዴ የሚልክ የለም፤ በር የዘጋ አገር ነው። ሰው እህል ባለበት አገር ውስጥ በኬላ ምክንያት ይሞታል።

እዚህ ላይ ስደርስ ያ ጆንያ ይመጣብኛል። በላዩ ላይ የአገር ስም ታትሞበት ነበር። ልጆቹ ፊደሉን እያነበቡ እንግሊዝኛ ይለማመዱበት ነበር።

ሁለተኛው ማትሱዳይራ ሳዳኖቡ ነው፤ የሺራካዋ ጌታ። ግዛቱን የተረከበው በዚያው በረሃቡ ዓመት ነው። ከሌላ ቦታ ሩዝ አስገዝቶ አከፋፈለ። በእሱ ግዛት በረሃብ የሞተ የለም ተባለለት። ይህ ዝና ነው በ1787 ወደ ኤዶ አስጠርቶ የሾገኑ ዋና ሚኒስትር ያደረገው።

ሦስተኛው ኡኤሱጊ ዮዛን ነው፤ የዮኔዛዋ ጌታ። እሱን ነበር በደብተሬ ላይ ያሰመርኩበት። ቤተሰቡ በአንድ ወቅት 1,200,000 ኮኩ የነበረው ኃያል ቤት ነው። ሴኪጋሃራ ላይ የተሸነፈውን ወገን ይዞ ስለነበር በ1601 ወደ 300,000 ወረደ። ቆይቶ በ1664 ወደ 150,000። ሎሌዎቹን ግን አላሰናበቱም፤ ኩራት ነዋ። የስምንት እጅ ግዛት ሎሌ በአንድ እጅ ግዛት ይቀለባል። እንግዲህ ስሌቱን ሥሩት። ዕዳው አንገት ላይ ደረሰ።

ዮዛን ከሌላ ትንሽ ቤት በማደጎ የመጣ ልጅ ነው። በ1767 ሲሾም 17 ዓመት እንኳ አልሞላውም። ከሁሉ በፊት የቆረጠው የራሱን ነው። የግል ወጪው በዓመት 1,500 ርዮ (የወርቅ ገንዘባቸው ነው) የነበረውን ወደ 209 አወረደው። ሐር ትቶ ጥጥ ለበሰ። ሃምሳ የነበሩትን ደንገጡሮች ዘጠኝ አደረጋቸው። ሳሙራዩን መሬት እንዲያለማ፣ ሚስቶቻቸውን እንዲሸምኑ አዘዘ። የእህል ማከማቻ አሠራ። ረሃቡ ሲመጣ ከኤቺጎና ከሳካታ ሩዝ አስገዛ፤ ሳሙራይም ሆነ ገበሬ፣ ራሱም ጭምር፣ ገንፎ መሰል ቀጭን የሩዝ ሾርባ እንዲበላ አወጀ። በ1802 ደግሞ በችግር ጊዜ የሚበሉ ወደ 80 የሚጠጉ ተክሎች፣ እንዴት ተቀቅለው መርዛቸው እንደሚወጣ ጭምር፣ የያዘ መጽሐፍ ታትሞ 1,575 ቅጂ ለግዛቱ ሰው ተሰራጨ። ባላገሩ ሳማ እንዴት እንደሚበላ ያውቃል ብላችሁ ይሆናል። ያውቃል። ግን መንግሥት ሲጽፍለት ሌላ ነው።

አንድ ሰው አልሞተም የሚለውን እኔ አልውጠውም። ደግ ጌታ ከሞተ በኋላ ደግነቱ ይወፍራል። ግን ከትሱጋሩ ጋር ሲተያይ ሰማይና ምድር ነው።

ከዮዛን ታሪክ የምወዳት አንዲት ትንሽ ነገር አለች። አንዲት አሮጊት ለልጇ የጻፈችው ደብዳቤ ነው፤ በ1777። ያጨደችውን ሩዝ ዝናብ ሊመታባት ሲል ሁለት ሳሙራዮች ደርሰው አግዘዋት አስገቡላት። ደግ ናቸው፣ ማመስገን አለብኝ አለች። በአዲሱ ሩዝ የተሠራ ሞቺ፣ የሩዝ ቂጣ በሉት፣ ወዴት ላምጣላችሁ ብትላቸው ወደ ቤተ መንግሥቱ ሰሜን በር አሏት። ቂጣዋን ይዛ ሄደች። ለካስ ያ ሩዝ ተሸካሚ ራሱ ጌታው ነው! ድንጋጤዋን ጽፋዋለች። ብር ሰጥቶ ሸኛት። በብሩ ለቤተሰቡ ሁሉ ካልሲ ሠራችበት። ካልሲ! ይህችን ሳነብ እናቴ ትመጣብኛለች። አንድ ጊዜ አንድ የአውራጃ ገዥ በአጠገባችን ሲያልፍ አህያችንን ከገደል ጫፍ መለሰልን። እናቴ እስክትሞት ድረስ «ያ አህያዬን የመለሰ ጌታ» ትለው ነበር። ሰውየው ግን ግብር ላይ ምሕረት የማያውቅ መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እሷም ታውቃለች።

ዮዛንም ቢሆን ቅዱስ አልነበረም። በ1773 ሰባት ትልልቅ ሹማምንት ይሄ ቁጠባህ ይቅር ብለው አቤቱታ ይዘውበት ገቡ። ሊወጣ ሲል ልብሱን ጨምድደው ያዙት። ነገሩን ካጣራ በኋላ ሁለቱን ሆዳችሁን ቅደዱ ብሎ ፈረደባቸው። አምስቱን ከነቤታቸው ዘጋባቸው። ያው የዚያ ዘመን ሰው ነው። በ1785 ሥልጣኑን ሲለቅ ለወራሹ ሦስት አንቀጽ ጻፈለት። ሦስተኛው፣ በእኔ አማርኛ፣ ጌታ ያለው ለአገርና ለሕዝብ ነው፣ አገርና ሕዝብ ለጌታ አይደሉም የሚል ነው። ዕዳው የተጠናቀቀው እሱ በሞተ በማግስቱ ዓመት ገደማ ነው።

«ስለዚህ ልጁን ‹ሁሉም አይደሉም፣ ደግም አለ› ብትለው ኖሮ ይበቃ ነበር» ትሉኝ ይሆናል። እሱም አይበቃም ነበር። ሺማባራን ልንገራችሁ። ማትሱኩራ የሚባል ቤተሰብ 40,000 ኮኩ ብቻ ባለው ግዛት ላይ የትልቅ ጌታ የሚያህል ግንብ ሠራ። ወጪው ከገበሬው ነው። ልጁ ካትሱዬ ሲተካ ባሰ። ያልከፈለ ይታሰራል፣ ይሠቃያል። በ1637 ክረምት ገበሬው ተነሳ፤ ብዙዎቹ በድብቅ ክርስቲያን ነበሩ። ሐራ የሚባል የተተወ ምሽግ ውስጥ ሴትና ሕፃን ጭምር ከ30,000 ያላነሰ ሰው ገባ። በ1638 ፀደይ ምሽጉ ሲሰበር የተረፈው ጥቂት ነው። ካትሱዬስ? ሾገኑ ኤዶ አስጠርቶ አንገቱን አስቀላው። ያጠፋ ጌታ ሆዱን በገዛ እጁ ቀዶ በክብር እንዲሞት ይፈቀድለት ነበር፤ ያንን ነፈጉት። ሾገኑ ለገበሬው አዝኖ አይመስለኝም። የበረቱን ሰላም ስላወከ ነው።

ሌላም አለ፤ ይሄ ሁሌም ፈገግ ያሰኘኛል። በ1840 ሾገኑ የሾናይን ጌታ ወደ ሌላ ግዛት አዛውሮ በቦታው ሌላ ሊተካ አዘዘ። ያደርጉት ነበር፤ ጌታ እንደ አበባ ማሰሮ ይነሳል፣ ገበሬው ከመሬቱ ጋር ይቀራል። የሾናይ ገበሬዎች ግን ጌታችን አይሄድብንም ብለው ተነሱ። በሺዎች ተሰበሰቡ፣ ኤዶ ድረስ ሄደው ደጅ ጠኑ። በማግስቱ ዓመት ትእዛዙ ተሻረ። ወደውት ነው? ከፊሉ ይሆናል። የሚመጣው ጌታ ዕዳ ያለበት መሆኑን ግን ሰምተዋል። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።

መጨረሻቸው ደግሞ ያለ ብዙ ጥይት ነው። በ1871 ግዛቶቹ ሁሉ ፈርሰው አውራጃ ሆኑ። ጌቶቹ ወደ ቶኪዮ ግቡ ተባሉ፣ ገቡ። ለምን ዝም አሉ? አብዛኞቹ ዕዳ ውስጥ ነበሩ፤ ሾገኑን የተካው አዲሱ መንግሥት ዕዳቸውን ወሰደላቸው። ከግዛታቸው ገቢ አንድ አሥረኛው የግላቸው ሆነ። በኋላም ማዕረግ ተሰጣቸው። እኛ አገር የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰዎች ከጃፓኑ የ1889 ሕገ መንግሥት ብዙ የቀዱት ይህን አይተው ቀንተው ነው። እኔ ግን ተማሪ ሆኜ «መሬት ላራሹ» ብዬ የጮህኩ ሰው ነኝ። አልጸጸትበትም። ጭሰኛውን በዓይኔ አይቼዋለሁ። የካቲት 67 አዋጁ ሲነበብ አልቅሻለሁ፣ በደስታ። የልጁ አያት የታሰሩት ግን በዚያው ዓመት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የማስቀምጥበት መደርደሪያ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

እናንተ የዛሬ ልጆች አንድ ነገር አለባችሁ፣ ልንገራችሁ፤ ተቆጡም አትቆጡም። ጌታ የሚባል ሲነሳ ወይ ጀግና ነው ወይ ሰይጣን። ወይ ሐውልት ወይ ድንጋይ። በቃ። ኮሜንት ሥር ሄዳችሁ ትሰዳደባላችሁ። የማን ወገን ነህ እንጂ ጎተራው ውስጥ ስንት ነበረ ብሎ የሚጠይቅ አላየሁም። እንዲህ ስል ደግሞ ያ ክፍል ውስጥ የቆምኩት እኔ ትዝ ይለኛል። «ሁሉም» ብያለሁ። አንድ ቃል። ከእናንተ ኮሜንት በምን ይሻላል? እናንተ እንኳ ከኋላችሁ ካኪ ለባሽ አልተቀመጠም። ወይም ተቀምጧል፣ እኔ አላየሁት ይሆናል።

ደፍረህ ብትመልስ ምን ይደርስብህ ነበር ትሉኛላችሁ። ምናልባት ምንም። ምናልባት ደግሞ ዝውውር፣ ምናልባት እስር። የስምንት ወር ልጅ ነበረችኝ። እውነቱን ለመናገር ዛሬም ወደዚያ ክፍል ብትመልሱኝ ዮዛንን የማነሳ አይመስለኝም። ነገር ግን «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በኋላ ና» ማለት እችል ነበር። እሱ እንኳ አያሳስርም። ማታ ቤቴ መጥቶ ደብተሩን ማሳየት እችል ነበር። ምክር ካላችሁኝ ያለችኝ ይህችው ናት፤ «በኋላ ና» የምትባል ቃል አለች። አስተማሪ ለሆናችሁ ነው የምለው፤ አለቃ ለሆናችሁም።

የፈተናውን ነገር ሳልናገር ልዘጋ ነበር።

ሰኔ ላይ የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ነበር። ጥያቄ ቁጥር አራት፦ «በጃፓን የፊውዳል መሳፍንት ሚና ምን ነበር? አብራራ።» አሥር ነጥብ ይይዛል። የምጠብቀው መልስ የታወቀ ነው፤ ሁሉም ሸምድዶታል። ቤቴ ቁጭ ብዬ በኩራዝ አርማለሁ፣ መብራት የለም። የዚያ ልጅ ወረቀት ደረሰ። ሌሎቹን ጥያቄዎች በደንብ ጽፏል፤ ፊደሉ ያምራል። አራት ቁጥር ላይ ገጹ ባዶ ነው። ከመሐል አንዲት ቃል ብቻ።

«ይበላሉ።»

ብዙ ቆየሁ። ቀዩን እስክሪብቶ አንስቼ አስቀመጥኩት፣ እንደገና አነሳሁት። ስህተት ነው ልለው አልችልም፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አሥር ከአሥር ሰጠሁት። በማግስቱ ወረቀት ስመልስ ስሙን ጠራሁ። መጥቶ ተቀበለኝ፣ አየው፣ ሁለት ጊዜ አጥፎ ሹራቡ ውስጥ ከተተው። በመስከረም አልተመለሰም።